ታጥቦ የተሰጣ ቃል

ዛሬ ጠዋት አሪየት ኡሞድ ሕልም አየች። ሕልም የሚታየው ሌሊት ነው የምትሉኝ ከሆነ አልከራከርም፤ አሪየት ግን ሌሊቱን ሙሉ በምትሠራበት ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስታጥብ ነው ያደረችው፤ ታዲያ መቼ ታልም? ጠዋት ከሥራ ወጥታ ፊቷን ተለቃለቀች፤ የእህቷን ቢጫ ቀሚስ ለበሰች፤ ከዚያ ሆቴሉን ወደሚያስተዳድረው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ሄደች። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ከሚሰበሰብበት በር ፊት ለፊት፣ ገና ሲቀመጡበት ወደ ውስጥ የሚውጥ ሶፋ አለ። እዚያ ላይ ቁጭ አለች። «እስኪጠሩኝ ድረስ ዓይኔን ላሳርፍ» አለች ለራሷ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ዓይኑን ሲያሳርፍ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

የመጣችው አለቃዋን ከስሳ ነው። አለቃዋ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ውብሸት ይባላሉ። ክሷ ደግሞ በቀለሜና በትውልዴ የተነሣ አድልዎ አድርገውብኛል የሚል ነው። ችግሩ፣ ሰውየው ተሳድበው አያውቁም። ተሳድበው ቢሆን ኖሮማ ነገሩ በቀለላት! አሪየት አኙዋ ናት፤ ከጋምቤላ መጥታ በሆቴል አስተዳደር ተመረቀች፤ ለእንግዳ መቀበያው ተቀጠረች። ብዙም ሳትቆይ አንድ ቀን አረፈደች። በዚያው ሰበብ ምድር ቤት ወዳለው ላውንደሪ ሲያወርዷት እንኳ አቶ ውብሸት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ነበር። «የኔ እህት፣ ላንቺው አስቤ ነው» አሏት። «እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ምን እንደሚል አይታወቅም። ታች ነፃ ሆነሽ ትሠሪያለሽ።»

አሪየትም አመሰገነቻቸው። አዎ፣ አመሰገነቻቸው! እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት እሱ ነው። ነገሩ የገባት ቀስ በቀስ ነው። ከሷ በኋላ የተቀጠረችው ሜላት ባረፈደች ቁጥር «ታክሲ አጥተሽ ነው አይደል?» እየተባለች እዚያው መቀበያው ላይ ቀረች። አሪየት የታጠበ አንሶላ ይዛ ስትወጣ ደግሞ በጓሮው ደረጃ እንድትሄድ ይነገራታል፤ ሌሎቹ በዋናው ይወጣሉ። ታዲያ አንድ ቀን ሁሉንም አንድ ላይ አሰበችው። ከሰሰች።

«ልጄ፣ ማስረጃ አለሽ?» አሏት አብረዋት የሚያጥቡት ወይዘሮ አስካለ።

«ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ።»

«ያየሽውማ ሰውየው ሲስቁልሽ ነው። ሣቅ ይከሰሳል?»

 ክሱ ካልተረጋገጠ የአለቃ ስም በማጥፋት ከሥራ እንደምትሰናበት በግልጽ ተነግሯታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው ሶፋው ላይ ዓይኗን የከደነችው።

በሩ ተከፈተ። ውስጥ ግን ኮሚቴ የለም። በሩ የሚያስገባው ወደ ሆቴሉ ነበር፤ ሆቴሉ ደግሞ ተገለባብጧል። እንግዶቹ በዋናው በር ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለሠራተኞቹ እጅ ይነሣሉ። አንድ ወፍራም ነጋዴ የወይዘሮ አስካለን ፌስታል ተሸክሞ እያለከለከ ደረጃ ይወጣል።

«እመቤቴ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልነሣልዎ?» አላቸው።

«ነገ አትነሣ» አሉት። «ዛሬ በሌሊት ተነሥተህ ረብሸኸኛል።»

ነጋዴው ይቅርታ ጠይቆ የጥበቃውን ሠራተኛ አልጋ ሊያነጥፍ ሄደ። የጥበቃው ሠራተኛ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ተንሳፍፎ ጋዜጣ ያነባል። ጋዜጣው አልራሰም፤ ሰውየው ግን ከነኮፍያው ርሷል።

የእቃ ማጠቢያውና የልብስ ማጠቢያው ማሽኖች በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው፣ ሳሎኑ ውስጥ በትልቁ መብራት ሥር ተደርድረዋል። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ምድር ቤት ወርዶ ከውኃ ማሞቂያው ጎን ተጥሏል፤ እዚያ የተመደቡት ሰዎች የክፍል ቁልፍ እንደያዙ ተክዘዋል። ላውንደሪ ለመቀጠር የቆመው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አሪየት ወደ ራሷ ስትመለከት ሙሉ ልብስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ተለጥፏል። ማንም አልገረመውም። እሷም አልገረማትም።

«ቀጣይ!» አለች።

አቶ ውብሸት ገባ። አንቱታው የት እንደወደቀ እኔ አላውቅም፤ በሕልሙ ውስጥ አልነበረም። ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ውብሸት እባላለሁ። ልብስ ማጠብ ተምሬያለሁ፤ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት።»

«ጎበዝ!» አለችው። «ክራቫቱስ እንዴት ያምራል! እናንተ ሰዎች መቼም ክራቫት ስታስሩ ለጉድ ነው። በደማችሁ ነው አይደል?»

«አይ፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

«አይዞህ፣ አትፈር። ማሽኖቹ ፊት ለፊት መቆም ፈልገሃል፤ ይገባኛል። ግን ቆዳህ ቀላ ይላል፤ አንሶላዎቹ አልለመዱህም። እኔ ችግር የለብኝም እኮ። አንሶላዎቹ ናቸው።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«ምን ያስጠይቃል? አውቃቸዋለሁ።»

ውብሸት አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀና አለ። «ያለፈው ሳምንት ለሙከራ ስመጣ ስላረፈድኩ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ።

አሪየት ተነሥታ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «የኔ ወንድም» አለችው፣ «ላንተው አስቤ ነው። ታች መቀበያው ላይ ነፃ ሆነህ ትሠራለህ።»

ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ክፋት አልተሰማትም፤ ቅንጣት ታህል እንኳ። እንዲያውም ደግነት ነው የተሰማት፤ ሰውየውን ከአንሶላዎቹ ያዳነችው መሰላት። ውብሸትም «አመሰግናለሁ» ብሎ ጎንበስ አለ። ያኔ «አታመስግን!» ብላ ልትጮኽ ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ቀጣይ!» የሚል ነው።

ቀጣዩ ሰው አልገባም። ከበሮ ተመታ። «ዛሬ እኮ የሥራ አስኪያጆች ቀን ነው!» እያሉ እንግዶቹ መሮጥ ጀመሩ። በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከበር ነበር። ሥራ አስኪያጆቹን ከምድር ቤት እያወጡ፣ አቧራቸውን እያራገፉ፣ ሳሎኑ ውስጥ ወደተሠራው መድረክ ያመጧቸዋል። ወይዘሮ አስካለ ማይክራፎን ይዘዋል።

«ክቡራትና ክቡራን! አሁን ወደ መድረክ የሚመጡት ውድ የሥራ አስኪያጆች ማኅበረሰባችን አባላት ናቸው! ይህ ማኅበረሰብ በጥንታዊ የስብሰባ ባህሉ፣ በእንግዳ ተቀባይነቱ፣ እንዲሁም ‹ነገ ተመለሱ› በሚለው ውብ ዜማው ይታወቃል! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

ሥራ አስኪያጆቹ ጨፈሩ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ነጋዴው «እንዴት ደስ ይላሉ፣ ሲስቁ እኮ ጥርሳቸው!» አለ። ውብሸት ግን መሀል ላይ ተገትሮ ቀረ። ነጭ ገዋን አልብሰው አንገቱ ላይ የሐኪም መሣሪያ አንጠልጥለውበታል።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ፣ «የሆቴል ሰው ነኝ።»

«ሁሉም ያው የቢሮ ሰው አይደለ እንዴ?» አሉት ወይዘሮ አስካለ። «ፈገግ በል፣ ፎቶ ነው።»

እዚህ ላይ አሪየት በሕልሟ ውስጥ ሆና እንኳ ፊቷ ጋለ። ባለፈው ኅዳር፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሆቴሉ እሷንም እንዲሁ ከምድር ቤት አውጥቷት ነበር። የማን እንደሆነ የማታውቀውን ጨሌ አንገቷ ላይ ደርድረው፣ ዓመቱን ሙሉ እንዳታልፍበት በተከለከለችው በዋናው በር ላይ አቆሟት። «ይኼ የኛ አይደለም» ብትልም «ማን ያውቅብሻል፣ ያምርብሻል» ነበር መልሱ። እንግዳው ሁሉ ከሷ ጋር ፎቶ ተነሣ። ማታ ጨሌውን ተቀብለው ወደ ታች መለሷት። ክሷን ባስገባች ማግስት አቶ ውብሸት ያነሡት መከላከያም ያው ፎቶ ነበር፤ «አድልዎ ቢኖር ፎቶዋ ግድግዳችን ላይ ይሰቀል ነበር?» ብለዋል አሉ።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። የውብሸት ፎቶ በነጭ ገዋን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ተሰቅሏል። «አድልዎ አለ የሚል ካለ ይኼን ይይ!» አሉ።

ጭብጨባው ሳያልቅ መድረኩ ችሎት ሆነ። ዳኛዋ በምድር ቤት ሠራተኞቹ «እትዬ» እያሉ የሚጠሯት አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረች። በሆዷ ያለው መስኮት እንፋሎት ለብሷል። ታዳሚው በሙሉ አንሶላ ነው፤ ታጥፎ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ከሳሽ ውብሸት፣ ተከሳሽ አሪየት» አለች እትዬ።

«የለም፣ የለም! ከሳሿ እኔ ነኝ!» አለች አሪየት።

«ዛሬ ተገልብጧል። ቁሚ። ከሳሽ፣ ማስረጃ አለህ?»

«ሰድባኝ አታውቅም፣ ክብርት ሆይ» አለ ውብሸት። «ትከሻዬን ነው የነካችኝ።»

አንሶላዎቹ ተንሾካሾኩ። «ታዲያ በምን አወቅህ?» አለች እትዬ።

«ደረጃውን ስወርድ ነው ያወቅኩት። አብሮኝ የሚወርድ አልነበረም።»

 ከእትዬ ውስጥ ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማ። «ቃሉ ይግባ» አለች ከዚያ።

ወይዘሮ አስካለ ወደ አሪየት ቀርበው «ላንተው አስቤ ነው» የሚለውን ቃል ከአፏ መዝዘው አወጡት። ረጅም ነበር፤ ለስላሳ፣ ሽቶ የሸተተ። ሳሙና ጨምረው ማሽኗ ውስጥ ከተቱት። እትዬ ታጥብ ጀመር። መጀመሪያ ሽቶው በቱቦው ወጣ። ቀጥሎ «የኔ ወንድም» የሚለው ክር ተተርትሮ ሄደ። ቀጥሎ «ነፃ ሆነህ ትሠራለህ» የሚለው አረፋ ሆኖ ጠፋ። የቀረውን ወይዘሮ አስካለ ጨምቀው ገመድ ላይ አሰጡት። ሲዘረጋ «እዚህ እንድትታይ አልፈልግም» ይላል።

«እኔ እንዲህ አላልኩም!» አለች አሪየት።

«አላልሽም» አለች እትዬ። «ታጥቦ ነው የወጣው።»

«በልቤ ክፋት አልነበረም እኮ!»

እውነቷን ነበር። ለዚህ ነው ያለቀሰችው።

«ልብ እዚህ አናጥብም» አለች እትዬ። «ሌሎቹን አምጡ።»

ሌሎቹ መጡ። ውብሸት ያረፈደበት ቀን ሰማያዊ ዩኒፎርም ሆኖ መጣ። ሜላት ያረፈደችበት ቀንም ሰማያዊ ዩኒፎርም ሆኖ መጣ። ላውንደሪ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ አንድ ዩኒፎርም ቀለሙን ይልቀቅ አይልቀቅ ለብቻው አይተው አይለዩትም። ከጎኑ ሌላ መስቀል ያስፈልጋል። ምድር ቤት ውስጥ አሪየትና ወይዘሮ አስካለ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ከተጠራጠሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለው መብራቱ ሥር ያዩታል። አሁንም ተሰቀሉ። ጨርቁ አንድ ነው፤ ስፌቱ አንድ ነው፤ የዘገዩበት ሰዓት እንኳ አንድ ነው። የሜላት ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ተመልሶ ሊለበስ ዝግጁ ሆኗል። የውብሸት ግን ውኃው ገና ይንጠባጠባል፤ የሱሪው እግርም ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ተዘርግቷል።

ሌላ ጥንድ ተሰቀለ፤ ሁለት ሰዎች ቁልፍ የጣሉበት ቀን። አንዱ ተተኩሷል፣ አንዱ ይንጠባጠባል። ሌላም። ከሚንጠባጠቡት አንዱን አሪየት በደንብ አወቀችው። የጋትሏክ ነበር። ጋትሏክ ከሷ በፊት የእንግዶች ሻንጣ ተቀባይ ሆኖ የተቀጠረ ኑዌር ነው፤ ዛሬ ምድር ቤት ውኃ ማሞቂያውን ይጠብቃል። ስንት ጊዜ ምሳ አብረው በልተዋል! አንድም ቀን «አንተስ ለምንድን ነው የወረድከው?» ብላው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። ሁለቱም ነገሩ በየራሳቸው ላይ ብቻ የደረሰ መስሏቸው ነበር።

አሪየት ገመዱን እያየች ቆመች። ለካ ሰሞኑን ሁሉ ስትዘጋጅ የነበረው የአቶ ውብሸትን ልብ ለመክፈት ነው። ሰውየው ይጠሉኛል ብላ ልትምል፣ እሳቸውም አልጠላሽም ብለው ሊምሉ። ልባቸውን ደግሞ ማን ገብቶ ያየዋል? ምናልባት እሳቸውም አያውቁት ይሆናል፤ እሷም ራሷ አሁን ትከሻውን ስትነካው አላወቀችውም። ልቡ ይቅር። ማንን ይቅር አሉ፣ ማንን አወረዱ፣ በምን ጥፋት፤ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ይታይ። በቃ። ማንም ሰው መብራት ሥር ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ተከሳሿ ራሷ መሆኗን ሁሉ ረሳችው። «ይኸው! ይኸው ማስረጃው!» እያለች ገመዱን ይዛ ዘለለች።

«በራስሽ ላይ እኮ ነው የምትመሰክሪው» አላት ውብሸት በሹክሹክታ።

«ይሁን!» አለችው። «ይሁን! ተጽፎ ይያዝልኝ!»

አንሶላዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እትዬ ለመጨረሻ ጊዜ መሽከርከር ጀመረች፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ውብሸትና አሪየት ላለመውደቅ ተያያዙ። «ውሳኔ!» አለች እትዬ። ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየለሰለሰ መጣ። «ውሳኔው… ማዳም… ማዳም…»

«ማዳም! ሶሪ፣ ማዳም! ኦፊስ… ክሎዝ!»

አሪየት ዓይኗን ገለጠች። አንዲት ወጣት ጸሐፊ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን አጣምራ፣ በፈገግታ ታያታለች። ከሶፋው አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በሶፍት የተሸፈነ የማንጎ ጭማቂ ተቀምጧል።

«ውሳኔው ምን ሆነ?» አለች አሪየት፣ እንቅልፏ ገና ሳይለቃት።

ጸሐፊዋ ወደ ኋላ አለች። «ውይ! አማርኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«ኮሚቴው ገባ?»

«ገብቶ ጨረሰ እንጂ። ከላውንደሪ አንዲት ሠራተኛ አለቃዋን ከስሳ ነበር፤ አልመጣችም። እኔ እኮ እየደጋገምኩ ወጥቼ አየሁ፤ ሰው የለም። አንቺን ደግሞ ከጁባ ይመጣሉ የተባሉት እንግዳ መስለሽኝ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ…»

በሩ ተከፈተና የኮሚቴው አባላት ኮታቸውን እየለበሱ ወጡ። ከኋላቸው አቶ ውብሸት ብቅ አሉ። ሲገቡም በዚሁ በሶፋው ፊት ነው ያለፉት፤ ሌላ መንገድ የለም። አሪየትን አዩና ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ።

«እኚህ ማን ናቸው?» አሉ ሰብሳቢው።

አሪየት ተነሣች። አንድ እግሯ ደንዝዟል። «ከሳሿ ነኝ» አለች።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «ከሳሽ አልቀረበችም ብለን ክሱን ውድቅ አደረግነው እኮ። የስንብት ደብዳቤሽም እየተጻፈ ነው። ለመሆኑ ምን ማስረጃ ነበረሽ?»

«በስም እነግርዎታለሁ፤ ማን አጥፍቶ ይቅር እንደተባለ፣ ማን በዚያው ጥፋት እንደወረደ። ጋትሏክንም አስጠራለሁ» አለች አሪየት።  «ከዚያ በፊት ግን ይህችን እህቴን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እየደጋገመች ወጥታ ስትፈልገኝ፣ ምን የምትመስል ሰው ነበር የምትፈልገው?»